ደባርቅ ላይ የተሰማው የጨረቃ ጦርነት

የቁስለኛ ጩኸት የማልችል የጤና ረዳት ነበርኩ። ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነኝ። ዳባት ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ደርግ የመጨረሻ ዘመኑ ላይ ነበር፤ እኛ ግን መጨረሻው መሆኑን አናውቅም። የምናውቀው በሊማሊሞ በኩል ወታደሩ በመኪና እንደሚወርድና ቁስለኛው በቃሬዛ እንደሚወጣ ብቻ ነው።

ሰው ቁስሉ ሲታጠብ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋሻ ይወድቅብኛል፣ መቀስ ይወድቅብኛል። አንድ ጊዜ የአዮዲን ጠርሙስ ጥዬ ሰበርኩ። በመጨረሻ ሥራውን ለመልቀቅ ወሰንኩ። እናቴ ዳባት ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ መስከረም ሲጠባ ማመልከቻዬን አስገብቼ እሷ ዘንድ ልገባ፣ ስኳርና ጨው ልሸጥ። ጨው አይጮህም ብዬ ነበር ለራሴ።

ይህ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው።

እኔ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ዘውዱ የሚባል የፊዚክስ መምህር ይኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ራሱን አስቀድሞ እግሩን የሚያስከትል ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን እኛ የምናውቀውን ዓይነት ልብ ወለድ አልነበረም። ባልና ሚስት የለበትም፣ የተከዳች ኮረዳ የለችበትም። አንዱ መጽሐፉ ከፀሐይ እጅግ በራቀች ጨረቃ ላይ ስለ ዘመተ ጦር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከስሜን ገደሎች ሥር ስለሚኖር፣ ከሕዝቡ እህል ሳይሆን ጥላ ስለሚያስገብር የጨለማ ንጉሥ ነው። ጥላውን የገበረ ሰው በሕይወት ይኖራል፤ ነገር ግን ልጆቹ አያውቁትም። ይህን ሁለተኛውን ለማንም ጮክ ብሎ አያወራም። በዚያ ዘመን ንጉሥ ስትል ማን ለማለት እንደፈለግህ የሚጠይቅህ ሰው አይጠፋም።

የግቢያችን ባለቤት እማማ የሁለቱንም ጨረፍታ ሰምተው ኖሮ፣ "ይህ ልጅ አስማት ነው የሚጽፍ፤ ቅዱስ ሚካኤል ጠበል ይጠመቅ" እያሉ ያስመክሩት ነበር። እሱ አይቆጣም። "ስጨርሰው እጠመቃለሁ እማማ" ይላቸዋል።

እኔም ብዙ አልተሻልኩም። አንድ ቀን በር ላይ ቆመን፣

"ዘውዱ፣ ይህን ማን ያነብልሃል?" አልኩት።

"መጀመሪያ ልጨርሰው።"

"ታዲያ ምን ያዘህ?"

"ጦርነት አላውቅም" አለኝ። ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው፤ ዋና አልችልም እንደሚል ሰው። "ሮኬቱን አውቃለሁ። የጨረቃይቱን ክብደት አስልቻለሁ። እዚያ ላይ የቆመው ወታደር ግን ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ስጽፈው በሬዲዮ እንደሚሰማው ይሆንብኛል።"

ስለዚህ ቁስለኞች እኛ ዘንድ ማደር ሲጀምሩ ዘውዱም ጤና ጣቢያ መምጣት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ በሶ ወይም የገብስ ቆሎ ይዞ ይገባል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ይጠይቃል። ተኩስ ሲጀመር መጀመሪያ የሚሰማህ ድምፁ ነው ወይስ መሬቱ? ስትፈራ አፍህ ምን ይቀምሳል? ወታደርን ስለ ጦርነት መጠየቅ ራሱ በሚያስጠይቅበት ጊዜ፣ ሰውየው ስለ ሽታና ስለ ጣዕም እየጠየቀ ይውል ነበር።

ያን ሰሞን አራት ቁስለኞች ነበሩን። ሦስቱ ጢማቸው ያልበቀለ አዳዲስ ወታደሮች ናቸው፤ ቁስላቸው ቀላል ነው፤ ዘውዱን ወደውታል። አራተኛው የእነሱ አለቃ ነው፤ ሃምሳ አለቃ ቱሉ። አርሲ ውስጥ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ የነበረ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ሰው። የሞርታር ፍንጣሪ ከጉልበቱ በላይ ገብቶ ቀርቷል። ቀዳዳው አንድ ጣት አያስገባም፤ እግሩ ግን በየቀኑ እያበጠ ነው። ወደ ጎንደር ልንልከው ስንል ከዳባት ወዲያ መንገዱ ተዘጋ ተባለ።

ዘውዱ ወደ ሃምሳ አለቃው አልጋ የቀረበው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየው።

"አንተ ምንድን ነህ? ካድሬ ነህ?"

"አስተማሪ ነኝ። ልብ ወለድ እጽፋለሁ።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ወታደሮች። ጨረቃ ላይ ስለ ዘመቱ ወታደሮች።"

ሃምሳ አለቃው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "ሊማሊሞ አንሶህ ነው ጨረቃ የወጣኸው? እኛ እዚህ እንረግፋለን፣ አንተ ተረት ትሠራብናለህ። ውጣልኝ ከፊቴ!"

ዘውዱ ቆሎውን አልጋው ራስጌ አስቀምጦ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ግቢው አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጉሙ እስከ ጉልበቱ ደርሷል።

"እውነቱን ነው" አለኝ።

"እንግዲህ ትተወዋለህ?"

"አልተወውም። ነገ እመጣለሁ።"

"ደግሞ እንዲያባርርህ?"

"ያባርረኝ። ለምን እንደሚያባርረኝ ግን መስማት አለብኝ። መጽሐፌ ውስጥ የጎደለው ያ ሰውዬ ነው።"

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ጋሽ ታከለ የሃምሳ አለቃውን እግር ገልጠው ቆመዋል። ጋሽ ታከለ የጤና ጣቢያችን አንጋፋ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አካሚ ናቸው፤ የጃናሞራ ሰው፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ሲያክሙ የኖሩ፤ ባላገሩ ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚላቸው። ዞር ሲሉ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። እግሩ እስከ ብሽሽቱ ቀልቷል፤ ሰውየው በትኩሳት ይነድዳል።

"መንገዱ አልተከፈተም?" አልኩ።

"አልተከፈተም። የሚከፈትበትንም የሚያውቅ የለም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብረቱ ዛሬ ካልወጣ ነገ እግሩ ነው፤ ከነገ ወዲያ እሱ ራሱ ነው።"

"ማደንዘዣ የለንም እኮ ጋሼ።"

"አውቃለሁ ልጄ። የመጨረሻዋን ትናንት ለዚያች ወላድ ነው የጨረስናት።"

ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ሳይገልጥ ይሰማን ኖሯል። "አውጡት" አለ። "ለምን ታንሾካሽካላችሁ? አውጡት።"

ዕቃውን ስንቀቅል፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ ስናስጠጋ ቀትር አለፈ። ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ የሃምሳ አለቃውን እግር ሊይዝ ተስማማ፤ ትከሻውን የሚይዝ ሌላ ጉልበተኛ ሰው ያስፈልጋል። ልክ በዚያ ሰዓት ዘውዱ በሶውን በጣሳ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

ጋሽ ታከለ አዩት። "መምህር፣ እሱን አስቀምጠውና እጅህን ታጠብ።"

ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ገለጠ። "ሌላ ሰው የለም?"

"የለም" አሉ ጋሽ ታከለ።

ዘውዱ እጁን ታጠበ፤ ከራስጌ መጥቶ ትከሻውን ያዘ። ፊታቸው ተቃርቦ፣ አንዱ በሌላው ዓይን ውስጥ ራሱን ሊያይ በሚችልበት ርቀት ላይ ናቸው። ጋሽ ታከለ የሚነክሰው ጨርቅ ሊሰጡት ሲሉ ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ።

"ያፍነኛል። ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ልለምን። ከዚህ ግድግዳ ማዶ ሦስት ልጆቼ ተኝተዋል። ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም። እኔ ከጮህኩ እነሱ ዳግመኛ መሬት ይዘው አይተኩሱም፤ አለቀላቸው።" ወደ ዘውዱ ቀና አለ። "አንተ፣ ያን ተረትህን አውራ።"

"የቱን?"

"የጨረቃውን። ጮክ ብለህ አውራ። ድምፄን እንዲሸፍንልኝ።"

ጋሽ ታከለ አማተቡና ምላጩን አነሡ። ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ድምፁ እንደ ተማሪ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እዚያ ጨረቃ ላይ ንጋት የለም። ፀሐይዋ ከሩቅ እንደ ኩራዝ ነው የምትታየው። ወታደሮቹ የሚተነፍሱትን አየር በጀርባቸው ተሸክመዋል። የሚነጋገሩት ራስ ቁራቸው ውስጥ ባለች ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ እሷ ከተዘጋች ዓለም ሁሉ ዝም ይላል። ጠላታቸው ውርጭ ይመስላል። ድንጋይ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ስትረግጠው ይነሣል።"

ምላጩ ገባ። የሃምሳ አለቃው ጀርባ ከአልጋው ተነሣ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ድምፅ ግን አላወጣም። ዓይኑን ዘውዱ ላይ ተክሎ፣ "ከዚያስ?" አለ በጥርሱ መሐል።

"ከውጊያው በፊት ሻምበሉ ጦሩን ሰበሰበ። 'ጓዶች፣ ዛሬ የምንሞትላት ምድር...'"

"ውሸት!"

ሁላችንም ደነገጥን። ጋሽ ታከለ እጃቸውን አቆሙ።

"የቱ ነው ውሸቱ?" አለ ዘውዱ።

"ንግግሩ! ሻምበል ይናገራል፤ የሚሰማው የለም። ያን ጊዜ ሰው የሚያስበው ካልሲውን ነው። ካልሲዬ ረጥቧል፣ እግሬን ሊልጠኝ ነው ነው የሚለው።"

ዘውዱ ለአፍታ እንኳ አልቆመም። አልተከፋም፣ ራሱን አልተከላከለም። "እሺ" አለ። "ሻምበሉ ተናገረ፤ የሰማው የለም። ከኋላ የቆመ አንድ ወታደር የቀኝ እግሩ ካልሲ ረጥቦበት..."

"ጨረቃ ላይ ውሃ አለ እንዴ?" አሉ ጋሽ ታከለ፣ ከቁስሉ ላይ ቀና ሳይሉ።

"ላብ ነው ጋሼ። ልብሱ ስለማያስወጣው ታች ይጠራቀማል።"

"እ... እሺ ቀጥል።"

ከግድግዳው ማዶ የአንዱ ወታደር ድምፅ ተሰማ። "መምህር፣ ጮክ በል! እዚህ አይሰማም!"

ዘውዱ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ያ መንገድ ላይ ስናየው የምንስቅበት ሰው ሌላ ሰው ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ አብረነው ወደ ጨረቃይቱ ሄድን። ውርጩ ከድንጋዩ ሲነሣ አየሁ፤ የመስኮቱ ጉም የጦር ሜዳው ጢስ ሆነ። በየመሐሉ ሃምሳ አለቃው ይጮሃል፤ የሚጮኸው ግን በሕመሙ አይደለም፣ በመጽሐፉ ላይ ነው። "እንዲያ ተጠግቶ አይተኮስም!" "ሰው ተመትቶ ወዲያው አይወድቅም፣ መጀመሪያ ይገርመዋል!" ዘውዱ እያንዳንዱን ይቀበላል፣ እዚያው ያርማል፣ ይቀጥላል። ሁለት ሰዎች አንድ ጣሪያ ሲመቱ ታያላችሁ፤ አንዱ ማገሩን ያቀብላል፣ አንዱ ይቸነክራል። እንዲያ ነበሩ።

እኔ መቀስ፣ የቁስል መጥረጊያ ጎዝ፣ ፒንሳ እያቀበልኩ ነው። ጋሽ ታከለ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ የሚፈልጉትን አስቀምጥላቸዋለሁ።

"ብረቱን ነካሁት" አሉ በመጨረሻ። "አጥንቱ ላይ ተለጥፏል። አሁን ትንሽ ቻል ልጄ። የባሰው አሁን ነው።"

ልክ እዚህ ላይ ዘውዱ ዝም አለ።

"ከዚያስ?" አለ ሃምሳ አለቃው። "ከዚያስ፣ አንተ!"

"ከዚህ በኋላ አልጻፍኩም።"

"ምን?"

"ዓመት ሆነኝ። ሁለት ወታደሮች ከጦሩ ተቆርጠው ቀሩ። አንዱ ቆሰለ። ደህነኛው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት፤ ሁሉም ውሸት ሆነብኝ።"

"አትቁም ሰውዬ!" አሉ ጋሽ ታከለ። ፒንሳው ውስጥ ነው።

የፈለገውን ሊቀባጥር ይችል ነበር። ምጽአት ደረሰ፣ መላእክት መጡ ብሎ ሰዓቱን ሊያሳልፍ ይችል ነበር። ዘውዱ ግን ያን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ውሸት መናገር አልቻለም። የሃምሳ አለቃው ፊት አመድ መሰለ። አሁን ይጮሃል አልኩ በልቤ።

"ይሸከመዋል" አለ ሃምሳ አለቃው።

ድምፁ ተለውጧል። ቅድም የሚያርመው ሰው ድምፅ አይደለም።

"ይሸከመዋል" አለ ዘውዱ ቀስ ብሎ። "ስሙ ማነው? የቆሰለው?"

"ወልዴ። ወልዴ በለው።"

"ወልዴን ተሸከመው። ወዴት ነው የሚወስደው?"

"ዳገቱን። ቀኑን ሙሉ። መንገድ ላይ... ይሞታል።"

"መሞቱን ያውቃል?"

"ሸክም ሲሞት ይከብዳል። ወዲያው ነው የምታውቀው።"

"ያወርደዋላ እንግዲህ?"

"አያወርደውም!" ፒንሳው ሲዞር ሃምሳ አለቃው የዘውዱን ክንድ ያዘ፤ ጥፍሩ ሲገባ አየሁ። "አያወርደውም። ያወራዋል። ስለ ትራክተር ያወራዋል። ዝናብ ስለሚዘንብበት ቀን፣ ስለ አሰላ ገበያ። መሞቱን ያውቃል። ግን ብቻውን መሄድ ይፈራል። ገባህ? ጠላትን አይደለም፤ ብቻውን መሄድን ነው!"

የዘውዱ እንባ በሃምሳ አለቃው ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ድምፁ ግን አልተሰበረም። ያን አስቸጋሪ ነገር ከሰውየው እጅ ተቀብሎ ወደ ጨረቃይቱ ወሰደው።

"የወልዴ ሬዲዮ ክፍት ነው" አለ። "ወታደሩ፣ 'ወልዴ፣ ትሰማኛለህ?' ይለዋል። በጆሮው የሚመለስለት የራሱ ትንፋሽ ነው። ሬዲዮውን መዝጋት ይችላል፤ አይዘጋውም። በቀኝ ትከሻው ሲደክመው ወደ ግራ ያዞረዋል። 'ወልዴ፣ ዘንድሮ ስንዴው ጥሩ ነው' ይለዋል። ፀሐይዋ ከሩቅ እንደ ኩራዝ ትታያለች። ወልዴ ዝም ይላል። እሱም ይነግረዋል፤ ወልዴም ዝም ይላል..."

"አዎ" አለ ሃምሳ አለቃው። "አዎ። እንዲያ ነው።"

ብረቱ ጎድጓዳው ትሪ ውስጥ ወድቆ ጮኸ።

"ወጣ!" አሉ ጋሽ ታከለ። "ተመስገን፣ ወጣ!"

"ዝም በሉ" አለ ሃምሳ አለቃው። "አልጨረሰም።"

ጋሽ ታከለ፣ የዳባትንና የደባርቅን ሰው ሁሉ ሲቆጡ የኖሩት ሽማግሌ፣ ዝም አሉ። ቁስሉን አጥበን፣ መግሉን አፍሰን፣ በፋሻ ጠቅልለን እስክንጨርስ ዘውዱ ያን ወታደር ዳገቱ ጫፍ ላይ አደረሰው። እዚያም ወልዴን አውርዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ በዚያው አበቃ። ሬዲዮው ዝም እንዳለ ነው። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ያለቅስ ነበር፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ አልጠየቅንም።

ዕቃውን ልሰበስብ ስል እጄን አየሁት። አልተንቀጠቀጠም። መቼ እንዳቆመ አላውቅም። የሰውን ሥጋ ተከፍቶ ሳይ፣ ደሙ እስከ ክርኔ ሲደርስ፣ እኔ ስለ ወልዴ ነበር የማስበው።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን በረደ። ዘውዱ እየመጣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ብዙም አይነጋገሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

"ልጽፈው ትፈቅድልኛለህ?" አለ ዘውዱ።

ሃምሳ አለቃው በክርኑ ቀና አለ። "የኔን ስም አታግባ። የሱን አግባ።"

"እሺ።"

"ሲሞት ፎከረ ብለህ እንዳትጽፍ።"

"አልጽፍም።"

"ጨረቃው ላይ ይሁን" አለ ደግሞ። "እዚያ ይሻላል። እዚህ ከሆነ ሰው የማን ጦር ነበር፣ በማን ተመታ እያለ ይከራከራል። እዚያ ግን ወልዴን ብቻ ነው የሚያየው።"

ዘውዱ ያን ሁሉ ጊዜ ሊያስረዳን ያልቻለው ይህን ነበር። ለምን የሊማሊሞን ጦርነት ትቶ የጨረቃን እንደሚጽፍ እኔ የገባኝ ከዚያ ከትራክተር ነጂው አፍ ነው። ዘውዱም ራሱ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው።

መንገዱ ሲከፈት ወታደራዊ መኪና ቁስለኞቹን ሊወስድ መጣ። አራቱንም ጫንናቸው። ሞተሩ ተነሥቷል። ያን ጊዜ ዘውዱ በገበያው በኩል እየሮጠ፣ ወረቀት በእጁ እያውለበለበ ከጉሙ ወጣ። ምዕራፉን ጽፎ ጨርሷል። የመኪናውን ጎን ይዞ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ማንበብ ጀመረ። ሞተሩ ድምፁን ዋጠው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሊሳደብ ነበር፤ ጥቂት ቆየና ሞተሩን አጠፋው። አንገቱንም አልመለሰም።

እዚያ መንገድ ላይ ቆመን ሁላችንም አዳመጥን። ገበያተኛው በቅሎውን ይዞ ቆመ። ምዕራፉ ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው፣ "አንድ ነገር ጎድሏል" አለ።

"ምን?"

"ውሃ ብሏል። ከመሞቱ በፊት። አልነበረኝም።"

ዘውዱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ሃምሳ አለቃ ቱሉ የሰማሁት ከአንድ የጦር ሹፌር ነው፤ እግሩ ድኖ፣ በምርኩዝም ቢሆን አርሲ አገሩ ገብቷል አለኝ። ከዚያ ሌላ አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማመልከቻዬን ሳላስገባ ቀረሁ ብዬ ልጀምር። ነርስ ሆንኩ፤ በዚሁ ሙያ ፀጉሬ ሸበተ። የሚጮህ ሰው ሲገጥመኝ "ዝም በል" አልለውም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ማውራት እጀምራለሁ። ስለ ጨረቃ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ስለ በሬው ነው የሚፈልገው። መድኃኒት ነው አልላችሁም፤ ማደንዘዣ ቢኖር ኖሮ ማደንዘዣውን እመርጥ ነበር። ግን የሌለ ነገር ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ሥራ ፈት ነው ብላ የምታስብ ልጅ ነበርኩ፤ ያቺ ልጅ ከዚያ ክፍል አልወጣችም።

የዘውዱ መጽሐፍ አልታተመም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ይዞት ሄዶ፣ ወቅቱ የሚጠይቀው ሥራ አይደለም ተባለ። መንግሥት ተለወጠ፤ ሌላ ጊዜ ይዞት ሄደ፤ ገበያ የለውም ተባለ። እሱ ግን አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ተመልሶ መጥቶ የጨለማውን ንጉሥ መጽሐፍ ጨረሰ፤ ሦስተኛ ጀመረ። በሕይወቴ ብዙ ብርቱ ሰው አይቻለሁ፤ ማንም ሳያጨበጭብለት እንዲህ የጸና አላየሁም።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ከጎንደር ወደ ዳባት በአውቶቡስ ስመጣ ኮሶዬ ላይ ጎማ ፈነዳ። ብርድ ነው። ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ከመሐላችን አንድ የቀድሞ ወታደር ነበር፤ በፊት አይቼው አላውቅም። ጎማው እስኪቀየር ሰውን ሊያጫውት ወሬ ጀመረ። "ወልዴ የሚባል ሰው ነበር" አለ። "ጓደኛው ጨረቃ ላይ ተሸክሞት ሄደ።" ከማን እንደሰማው ጠየቅሁት። "እኛ ጦር ውስጥ ሁሉም ያወራዋል፤ ምርኮኛ ሆነን ሳለም እናወራው ነበር" አለኝ። ካልሲውም አለ፣ ኩራዝ የምትመስለው ፀሐይም አለች፣ ውሃውም አለ። ከግድግዳው ማዶ የነበሩት ሦስቱ ልጆች ይዘውት ሄደው ኖሯል።

የዚያኑ ሳምንት ደባርቅ ወጥቼ ለዘውዱ ነገርኩት። ፊቱን ለማየት ቸኩዬ ነበር። ከመቀመጫው ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

"መጨረሻውን እንዴት አደረገው?" አለኝ።

"ለውጦታል። ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ሬዲዮው ውስጥ ወልዴ ይመልስለታል። 'እሰማሃለሁ፣ ቀጥል' ይለዋል።"

ዘውዱ ይናደዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን የጨረቃውን መጽሐፍ አውጥቶ የዚያን ምዕራፍ መጨረሻ ገለጠ።

"እነሱ ናቸው የሚያውቁት" አለና እስክሪብቶውን አነሣ።